የሃምሳ አለቃ ባሳ የነፋስ መለኪያ

ሃምሳ አለቃ ባሳ መሞቱን የነገረኝ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው። ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ «ያ ነፋስ የሚለካው ሰውዬህ አረፈ» አለኝና ተሳፋሪውን ይዞ ወደ ሶዶ አራዳ ሰፈር ወረደ። ስኳር በሽታው ሲያመላልሰው ስለከረመ አልደነገጥኩም። የደነገጥኩት በማግስቱ ድንኳን ውስጥ ነው።

መዘምራኑ ዘመሩ፣ ወንጌላዊው ጸለየ፤ ከዚያ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ተወካይ ተነሥቶ የሕይወት ታሪኩን አነበበ። መሥሪያ ቤቱን በስም አልጠራውም፤ ጠብመንጃ ያለው መሥሪያ ቤት ነው ካልኩ ይበቃል። «በተኩስ ቡድናችን አሰልጣኝነት ለብዙ ዓመታት በትጋት ካገለገሉ በኋላ በገዛ ፈቃዳቸው ሥራቸውን ለቅቀዋል» ብሎ አነበበ።

በገዛ ፈቃዳቸው!

እኔ ነጋዴ ነኝ። ውሸት በየቀኑ ባንኮኒዬ ላይ ይራገፋል፤ እኔም አልፎ አልፎ እመልስለታለሁ፤ ገበያው እንደዚያ ነው። ገና አፈር ባልለበሰ ሰው ላይ፣ ሚስቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ የሚነበብ ውሸት ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ ምን እንደምል ራሴን አውቀዋለሁ። ዝም አልኩ። ዝም ያልኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

ዕድሜው ከእኔ በብዙ ይበልጣል፤ ሆኖም አንቱ ስለው ይቆጣል። «አንቱ የሚለኝ ሰው ወይ ሊበደረኝ ነው ወይ ሊያባርረኝ ነው» ይላል። ስለዚህ እዚህም እሱ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ አንባቢ አይቀየመኝ።

ባሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበር። ክረምት ከበጋ አንድ አረንጓዴ ሹራብ ይለብሳል። የሹራቡ ግራ እጅጌ እስከ ክርን ድረስ አልቋል፤ የበላው ግን ብል አይደለም። በሄደበት ሁሉ ከእጅጌው ክር ይመዝዝና በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ይለቀዋል። ክሩ ሲወርድ ዐይኑን አጥብቦ ያያል። ከዚያ «አራት፣ ከቀኝ» ይላል። ነፋሱ በሰከንድ አራት ሜትር ይሄዳል ማለቱ ነው። ሰርግ ላይ ሙሽሮች ሲገቡ፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ እሱ ክር ጥሎ «ሁለት ተኩል» ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው።

አፉ ደግሞ ይለበልባል። ከተበላ ከተማ ወዲያ ባለው ሜዳ ልምምድ ሲያሠራ ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቻለሁ። አንዱን ጎረምሳ፣ «ቃታውን እንደ ቦዬ ሥር ከመሬት የምትነቅለው ምን አድርጎህ ነው? ጠብመንጃ ነው እንጂ ምሳ አይደለም!» ሲለው ልጁ ጭምር ሳቀ። አልታዬን ግን አይሰድባትም። አልታዬ የመሥሪያ ቤቱ የጥበቃ ባልደረባ ነች፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ስትተኛና ስታነጣጥር ከመሬቱ የማትለይ። የሚያርማት በአንድ ቃል ነው። «እንደገና» ይላታል። እሷም እንደገና ትተኩሳለች።

አሁን ነገሩ የተበላሸበት ጋ ልምጣ። ሦስት መቶ ሜትር ላይ እኔና እናንተ ለስላሳ የምንለው ነፋስ ጥይትን ስንዝር ያህል ወደ ጎን ይገፋታል። የተኳሿ እጅ ምንም ቢረጋ ነፋሱን ያልቆጠረ ሰው ዒላማውን አያገኘውም። አንድ ዓመት በትልቁ ውድድር ላይ ባሳ ክሩን ጥሎ «ሦስት» አላት። አልታዬ አመነችው፤ እሱ ባለው ልክ አስተካክላ ተኮሰች። ነፋሱ ግን አምስት ሳይሆን አልቀረም። ቡድኑ ባዶ እጁን ተመለሰ። ባሳ እንደተመለሰ ኦቶና ሆስፒታል ዐይኑን ታየ፤ ሞራ ጀምሮታል ተባለ።

በሳምንቱ ሱቄ መጣ። እኔ የሞባይል ዕቃ፣ ሚዛን፣ ካልኩሌተር፣ የሶላር መብራት፣ ከአዲስ አበባ የሚገኝ ማንኛውንም ጥቃቅን ዕቃ እሸጣለሁ። ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«የነፋስ መለኪያ አለህ?» አለኝ።

«ለማን?»

«ለእኔ ነዋ! ለማን መሰለህ፣ ለበሬዬ?»

ያ ሰው፣ በክር ነፋስ እነግራለሁ ብሎ ሃያ ዓመት የኮራ ሰው፣ ዐይኔ ከዳኝ ማለት እንደ ድንጋይ ከብዶት ነበር። አልሳቅኩበትም። ሳቄን ለዋጋው አቆየሁት።

ሦስት ዓይነት አስመጣሁ። አንዱ ባለ ትልቅ ማራገቢያ ነው፤ የኤርኮንዲሽን ሠራተኞች የሚይዙት፣ ርካሽ። ሁለተኛው እንደ ሰንጢ በራሱ ሽፋን ውስጥ የሚታጠፍ፣ መዳፍ የማይሞላ፣ ዋጋው መካከለኛ። ሦስተኛው ከስልክ ጋር ይነጋገራል፣ ሙቀቱንም ከፍታውንም የጥይቱንም መውደቂያ አስልቶ ይነግራል፤ ዋጋውን ስትሰማ ወንበር ያስፈልግሃል። ነጋዴ ነኝና ሦስተኛውን ፊት ለፊት አስቀመጥኩለት።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይሄንን ለአንተ ብዬ ነው ያስመጣሁት።»

«ለእኔ ብለህ ያስመጣኸው ዕቃ ሁሉ ከእኔ በፊት ለሦስት ሰው ይሸጣል» አለና ገለባብጦ አየው። «ይሄ ራሱ ይተኩሳል?»

«አይተኩስም።»

«እንግዲያ ይሄን ሁሉ ወሬ ምን ያደርግለታል? እኔ አንድ ቁጥር ነው የምፈልገው። ጠዋት ቀስ ያለችውን ነፋስ ሊሰማት ይገባል። ፀሐይ ላይ ሊነበብ ይገባል። ባትሪው ሶዶ ሊገኝ ይገባል። ያንተን ባትሪ ለመግዛት አዲስ አበባ አልሄድም።»

ከዚያ ያደረገውን እስከ ዛሬ ባጃጅ ተራ ላይ ያወሩታል። ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ከየቤቱ የሚወጣው ጭስ ቀጥ ብሎ ሲቆም በሞተሬ ወደ ተበላ መንገድ ወጣን። እኔ ነዳሁ፤ እሱ ከኋላዬ ተቀምጦ መለኪያውን በረጅም ክንዱ ወደ ጎን ዘረጋ። ሞተሩ በሰዓት ሠላሳ ስድስት ኪሎ ሜትር ሲል መለኪያው በሰከንድ አሥር ሜትር ማለት አለበት፤ አሥራ ስምንት ሲል አምስት። ሄደን፣ ዞረን፣ ተመለስን፤ ነፋስ ካለ በሁለቱ አቅጣጫ ይጋለጣል ይላል። ከፊታችን የሚመጡ ባጃጆች በሙሉ ፍጥነታቸውን ቀነሱ፤ አንዱ ጭራሽ መንገድ ለቅቆ ቆመ። ትራፊክ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ይዞ በሲቪል የወጣ መስሏቸዋል። ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች፣ «ኧረ ሰውዬው ክንዱን ይሰብስብ! ሊበር ነው እንዴ?» እያሉ ሳቁ። ባሳ ግን ቁጥር እየጮኸ ነው። «አሥር! ያዝ፣ ያዝ! አሁን ቀስ በል!»

ርካሹ ፈጥነን ስንሄድ ልክ ነው፤ ቀስ ስንል ግን ተኛ፣ ማራገቢያው አልዞርም አለ። ውዱ ሁሉንም በትክክል ነገረን፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን መስታወቱ ጠቆረ፤ ባትሪውም በራሱ ቻርጀር ብቻ የሚሞላ ነው። እንደ ሰንጢ የሚታጠፈው እስከ መጨረሻው ታማኝ ሆነ። ባትሪው የካልኩሌተር ነው፤ እኔ ጋ በካርቶን ሞልቷል። «ይሄ ነው» አለ ከሞተር ሳይወርድ። ውዱን ልሸጥለት የነበርኩት እኔ ያን ቀን ትርፌን አጣሁ፤ ቢሆንም እንደዚያ ዕቃ የሚመርጥ ደንበኛ ዳግም አላገኘሁም።

ከኪሱ ሊገዛው ፈልጎ ነበር። ሚስቱ የመድኃኒቱን ነገር አነሣችበት፤ ትክክል ነበረች። መሥሪያ ቤቱን ጠየቀ። ሦስት ፕሮፎርማ ተባለ፤ ጎረቤቴ ፍራሽ ነጋዴው ሳይቀር ለነፋስ መለኪያ ዋጋ ሰጠ። ብዙ ከተጓተተ በኋላ ከእኔ ገዙ። በዚያው ሰሞን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ባሳን አስጠርቶ፣ «መሣሪያ ብለው ጠይቀዋል፣ ተገዝቶልዎታል። ዘንድሮም ባዶ እጅዎን ከመጡ ግን ቡድኑም የለም፣ አሰልጣኝም የለም» አለው። አንቱ ብሎ ነው ያለው። ባሳ ይህንን ሲነግረኝ እጅጌውን ይመዝዝ ነበር።

አሁን አቶ ጸጋዬን ላስተዋውቃችሁ። የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። ሌባ አይደለም፤ ሌባ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ሌባ ዕቃ ያንቀሳቅሳል። የጸጋዬ እምነት አንድ ነው፤ የመንግሥት ዕቃ የመለያ ቁጥር በዘይት ቀለም ካልተጻፈበት ዕቃ አይደለም። ወንበሩ ላይ ጽፏል፣ ስቴፕለሩ ላይ ጽፏል፣ የግድግዳ ሰዓቱ መስታወት ላይ ጽፎ ሦስት ሰዓትን ሸፍኖታል። ባሳ መለኪያውን ለልምምድ ሲጠይቀው «ገና አልተመዘገበም» አለው። ከተመዘገበ በኋላ ሲጠይቀው «ለውድድር ተብሎ የተገዛ ዕቃ ለልምምድ አይወጣም፤ ቢሰበር ማን ይጠየቃል?» አለው።

ነፋስ እንዲለካ የተገዛ ዕቃ ነፋስ በማይገባበት ቁምሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። 

ለውድድሩ ሲሄዱ ጸጋዬም አብሮ ሄደ። ዕቃው ያለ ንብረት ኃላፊ አይወጣም ተብሎ አበል ተከፍሎት። መለኪያውን ለባሳ የሰጠው እዚያ ተኩስ ሜዳው ላይ፣ ከላስቲኩ ፈትቶ ነው። ከረፋዱ በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«አንተ ነጋዴ» አለ ባሳ። «ቀለም በቤንዚን ይለቃል?»

«የምን ቀለም?»

«ጸጋዬ ቁጥር ጽፎበታል! ጀርባው አልበቃው ብሎ ማራገቢያው ድረስ ወርዷል። ቀለሙ እምብርቱ ውስጥ ገብቶ ደርቋል። ይዞራል ግን ያነክሳል። የጎረቤት ቡድን መለኪያ አራት ሲል የእኔ ሁለት ይላል።»

«ቤንዚን እንዳታስነካው! ላስቲኩን ይበላዋል፣ ማራገቢያው ይጣመማል። የእነሱን አትዋስም?»

«ለምኛቸው ነበር። ተፎካካሪ ናቸው፣ አይፈረድባቸውም።»

«እንግዲያ በምላጭ ፋቀው። ቀስ ብለህ፣ በደረቁ። ዐይንህ ካላየልህ አልታዬ ትፋቀው።»

«የእሷ እጅ ዛሬ ለሌላ ነው የሚያስፈልገኝ» አለና ዘጋው።

ሞራ ባለበት ዐይን፣ በምላጭ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፋቀው። አልታዬ በኋላ እንደነገረችኝ እያየ አይደለም የፋቀው፤ በጥፍሩ እየዳሰሰ ነው። ማራገቢያው ለቀቀ። ተራዋ ሲደርስ «አራት ነጥብ ሁለት፣ ከቀኝ» አላት። ተኮሰች። ሁለተኛ ወጣች። መሥሪያ ቤቱ ሜዳሊያ የሚባል ነገር በዚያ ቀን ነው ያየው።

ቡድኑ ሶዶ ሲገባ በአበባ ተቀበሉት። በሳምንቱ ደግሞ ለባሳ የክስ ደብዳቤ ደረሰው። «የመንግሥት ንብረት መለያ ቁጥርን ሆን ብሎ በመፋቅ፣ ንብረቱን ለመሰወር በመሞከር» ይላል። በውድድሩ ቀን ጸጋዬ ምሳ በልቶ ሲመለስ የቀለሙን ፍርፋሪ አይቶት ነበር።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት የሆነውን ባሳ ራሱ ነው የነገረኝ። መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «የሰወርኩት ዕቃ ይኸው» አላቸው። አንዱ የኮሚቴ አባል በቁም ነገር፣ «ያ ዕቃ ስለመሆኑ በምን ይታወቃል? ቁጥር የለውም» አለው።

ይህንን ስጽፍ የምቀልድ የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ስሰማው መጀመሪያ የሳቅኩ ይመስለኛል። ከዚያ ኃላፊው ለብቻው ጠርቶ ሁለት መንገድ አሳየው፤ ወይ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ወይ በራሱ ፈቃድ ይለቃል። «ተከራከር!» ብዬ ጮህኩበት። «ሜዳሊያ አምጥተሃል! እኔ እመሰክራለሁ!»

«ፍርድ ቤት ከሄደ መለኪያው ኤግዚቢት ሆኖ ይያዛል» አለኝ። «ቀጣዩን ውድድር ልጅቷ በምን ትተኩስ?»

ፈረመ። በገዛ ፈቃዳቸው የተባለው ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ ሱቄ ውስጥ ካርቶን ላይ እየተቀመጠ ይውል ጀመር። አንድ ከሰዓት ጸጋዬ መጣ። ደንበኞች ነበሩ። መለኪያውን ከላስቲክ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረው፤ ቁጥሩ እንደገና ተጽፎበታል፣ አሁን በቀይ፣ ወፈር ተደርጎ። ማራገቢያው ጭራሽ አይዞርም።

«የሸጥክልን ዕቃ ነፋስ አይቆጥርም። ጥራት የለውም» አለኝ። «ልጅቷ ሐሙስ ውድድር አላት። ዋስትና አለው አይደል?»

የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ወንጌላዊ ጎረቤት አለኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ያው ዓይነት መለኪያ ሁለት ነበረኝ። «ሌላ የለም፣ ቢኖርም ለእናንተ አልሸጥም!» አልኩ። በንግድ ዘመኔ እያለኝ የለም ያልኩት ያኔ ብቻ ነው።

«አምጣው» አለ ባሳ ከካርቶኑ ላይ።

ጸጋዬ ባሳ እዚያ መኖሩን ያኔ ነው ያየው። ሰጠው። ባሳ ከእኔ መሳቢያ ምላጭ ተቀበለ፤ ግን አልጀመረም።

«ቁጥር አለበት» አለ። «ምን ላድርገው?»

«እንግዲህ… ያው እርስዎ እንደሚያውቁት…»

«እኔ የማውቀው እንደሚያስከስስ ነው። አንተ ንገረኝ፣ ምን ላድርገው?»

ቻርጀር ልትገዛ የመጣች ሴት እንኳ ዋጋ መጠየቋን ተወች።

«ይፋቁት» አለ ጸጋዬ፣ መሬት መሬት እያየ።

«አልሰማሁም።»

«ሃምሳ አለቃ፣ ቁጥሩን ይፋቁልኝ!»

ፋቀለት። በጥፍሩ እየዳሰሰ፣ ሳይቸኩል። እፍ ሲልበት ማራገቢያው ሽር አለ። ያንን ድምፅ ስሰማ በጸጋዬ ብቻ ሳይሆን በባሳም ተናደድኩ። ምነው ሳይነካው ቢመልስለት! ምነው ለአንድ ቀን እንኳ እንደ እኔ ቂመኛ ቢሆን! ጸጋዬ ዕቃውን በላስቲኩ ጠቅልሎ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ዞሮ፣ «ለጥገናው ደረሰኝ ትሰጠኛለህ?» አለኝ። አስወጣሁት።

ሐሙስ ዕለት የባሳ ስልክ ሱቄ ውስጥ ጮኸ። አልታዬ ነች፤ ተራዋ ከመድረሱ በፊት ከሜዳው ዳር። አዲሱ አሰልጣኝ አጠገቧ ቆሟል፤ ደህና ልጅ ነው፣ ግን ስለ ነፋስ ገና እየተማረ ነው።

«ሦስት ነጥብ ስድስት ይላል፣ ከግራ» አለች። «ሣሩን ሳየው ግን ያነሰ ይመስለኛል። የቱን ልያዝ?»

ባሳ ዐይኑን ጨፈነ። ጣቱ ወደ እጅጌው ሄደ፤ ክር ግን አልመዘዘም።

«ማራገቢያው ሲዞር ያነክሳል?»

«አያነክስም። ሽር ነው የሚለው።»

«እንግዲያ ሣሩንም ተዪው፣ እኔንም ተዪኝ። መለኪያው ያለሽን ያዢ።»

ዘጋው። ዳግም እስክትደውል ድረስ ስልኩን መዳፉ ላይ ይዞ ተቀመጠ፤ እኔም ሚዛን ልትመርጥ የመጣችውን ደንበኛ ነገ ነይ አልኳት። ሲደወል ስልኩን ለእኔ አቀበለኝ።

አንደኛ ወጥታለች። የዋንጫውን ፎቶ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሰቀሉት፤ አልታዬ አለች፣ ኃላፊው አለ፣ አዲሱ አሰልጣኝ አለ፣ ጸጋዬ አለ። ባሳ ፎቶውን ሄዶ አየው። አልታዬ ላይ ጣቱን አስቀምጦ፣ ወደ መስታወቱ ተጠግቶ፣ ዐይኑን አጥብቦ ረጅም ጊዜ አያት።

«አሁንም ትከሻዋን ታላላለች» አለኝ። «ሲነግሯት አትሰማም መሰለኝ።»